የኤዶ ኸድራ ሁለት ጉልበቶች

ኤዶ ኸድራ ማረፏን የነገረችኝ ልጇ ሆዳን ናት። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ መልሳ አለቀሰች።

"ልቧ ነው ያቆመው" አለችኝ። "ጉልበቷማ ምንም አልሆነም። ጠዋት በእግሯ ገበያ ደርሳ፣ ከሦስት ሰው ተጣልታ ነው የመጣችው።"

እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ኤዶ ኸድራን ያወቀ ሰው ስለ እሷ ሲያስብ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ አይሆንለትም።

ጅጅጋ የገባሁት በፊዚዮቴራፒስትነት ተመድቤ ነው። ከደሴ የመጣሁ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። የተመደብኩበት ክፍል ውስጥ የነበርነው አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና እኔ ነን። ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ገሚሱ ወጌሻ ነች ይለኛል፣ ገሚሱ ማሳጅ ቤት የከፈትኩ ይመስለዋል። አንድ ቀን ዶክተር አብዲ የሚባለው የሆስፒታሉ ሐኪም ጠራኝና፣ "አንዲት ሴት አዲስ አበባ ሄዳ ቀኝ ጉልበቷን አስቀይራ መጥታለች። ወር ሊሞላት ነው፣ ከአልጋ አልወረደችም። ቤቷ ሄደሽ እያት። ግን ተጠንቀቂ፣ ነጋዴ ናት" አለኝ።

ነጋዴነትና ጉልበት ምን እንዳገናኛቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ትልቅ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች፣ ከጉልበቷ ስር ወፍራም ትራስ ተደርጓል። ስልሳ ዓመት አካባቢ ትሆናለች። በወጣትነቷ ጭነት መኪና ላይ ከጨርቅ ጥቅል ጋር ተቀምጣ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ደምበል ስትመላለስ ኖራ፣ በኋላ ገበያው መሀል የሴቶች ጨርቅ ሱቅ ከፈተች። ጉልበቷን የበላው ያ መንገድ ነው።

"እንዴት ዋሉ ኤዶ?" አልኳት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት እንዲህ ተብላ እንደምትጠራ አስጠንተውኛል።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከእርስዎ ጋር።"

"እኔ አንድ ነኝ። ምን አበዛሽኝ? ወፍሬ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አሁንም በዚያው እቀጥላለሁ። አንባቢ ባለጌ ብሎ እንዳይፈርድብኝ፤ የራሷ ትእዛዝ ነው። እሷ በበኩሏ እኔን አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ትለኝ ነበር። አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ ስለነበር ስህተት አልመሰለኝም፤ ሰንብቼ ጠየቅኳት። "ስትቆጣ ወንድ ነህ፣ ሻይ ስትጠጪ ሴት ነሽ" አለችኝ።

ያን ዕለት ግን ከተቀመጥኩ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ትራሱን ከጉልበቷ ስር ማውጣት ነበር። ጉልበት ትራስ ላይ እንደታጠፈ ከከረመ እዚያው ይደርቃል፤ ትራሱ መሆን ያለበት ከተረከዝ ስር ነው። ይህን ሳስረዳት ጣሪያ እስኪነቃነቅ ጮኸች፣ ከዚያም ጩኸቷን አቋርጣ "ሻይ አምጡላት" አለችና ጩኸቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

ማዕዘን መለኪያዬን ሳወጣ ዓይኗ በራ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለካ የኖረች ሴት ናት።

"ስንት ነኝ?"

"ሃምሳ አምስት ዲግሪ ነው የታጠፈልሽ።"

"ስንት ነው የምትፈልጊው?"

"ቢያንስ ዘጠና። ወንበር ላይ እንደ ሰው ለመቀመጥ።"

"ስልሳ።"

"ኤዶ፣ ይሄ ጨርቅ አይደለም።"

"ስልሳ ሁለት። ለአንቺ ስል ነው፣ ለሌላ ሰው አላደርገውም።"

"ዘጠና።"

"ሌላ ጋ እሄዳለሁ።"

"እዚህ ከተማ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ሌላ ሱቅ እንደሌለ እንደገባው ደንበኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስልሳ አምስት፣ ከሻይ ጋር" አለችኝ።

በስልሳ አምስት ተስማማን። በሳምንቱ ሰባ ብዬ መጣሁ፣ ሌላ ክርክር ተጀመረ። መለኪያዬ የተጣመመ እንደሆነ፣ እሷ ደንበኞቿን ላላ አድርጋ ስትለካ እኔ ጨክኜ እንደምስብ፣ እንዲህ ያለ ነጋዴ ጅጅጋ ውስጥ ሁለት ቀን እንደማይቆይ ነገረችኝ። ቢሆንም ጉልበቷ ይታጠፍ ጀመር። በሁለተኛው ወር በምርኩዝ ሱቋ ደረሰች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሸጥ ጀመረች።

አንድ ነገር ግን አልጥም አለኝ። ገና ሳልነካት አመመኝ ትላለች። እያወራች ዓይኗ ይከደናል። ደንበኛ አራት ክንድ ስትላት ስድስት ትቆርጣለች፤ ኤዶ ኸድራ ደግሞ በሕይወቷ ለማንም ሁለት ክንድ በነጻ ሰጥታ አታውቅም። አዲስ አበባ ያዘዙላትን ወረቀት አየሁት፤ ትራማዶል ይላል፣ ለአሥር ቀን። ለከባድ ሕመም የሚሰጥ፣ ሰውነት ከለመደው ግን የማይለቅ መድኃኒት ነው።

"ይህን ጨረስሽው አይደል?"

"ድሮ።"

ለጨርቅ ዋጋ በቀን መቶ ጊዜ ወላሂ የምትል ሴት ለዚህ ወላሂ አላለችም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ነገሩ የወጣው በሠርግ ሰሞን ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ የሚሆን ጨርቅ ልመርጥ ሱቋ ሄድኩ። አንዲት የሙሽራ አክስት ከፊቴ ቆማ፣ ከላይ ያለው ሐምራዊ ጥቅል እንዲወርድላት ጠየቀች። ረዳቷ ጥቅሉን አውርዳ በአንድ ጊዜ ዘረጋችው። ከጨርቁ ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ እንክብሎች ከነማሸጊያቸው ልክ እንደ ሠርግ ከረሜላ ባንኮኒውና መሬቱ ላይ ተበተኑ።

"ይሄ ምንድነው?" አለች አክስትየዋ።

ኤዶ ኸድራ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። "የብል መድኃኒት ነው። ጨርቅ እንዳይበላ።"

"ውይ፣ የእኔንም ቁምሳጥን ፈጅቶታል። ትንሽ ስጪኝ።"

"አይሆንም! ይሄ... ይሄ ለሐር ብቻ ነው።"

አክስትየዋ ተቀይማ ስትወጣ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ማሸጊያ እለቅም ነበር። አሥራ አንድ አገኘሁ። ሌላ ጥቅል ስዘረጋ ደግሞ ሌላ።

ከየት እንዳመጣችው ከሆዳን ጋር ሆነን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሊጠይቋት የሚመጡ ሰዎች ተምር፣ የግመል ወተት ይዘው ይመጣሉ። እሷ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠጋ አድርጋ፣ "ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒት ሆዳን መግዛት ረሳችው። እንዳትነግሯት፣ ልጅቷ ታፍራለች" ትላለች። እንግዳው በምሥጢር ይገዛና በምሥጢር ያመጣል። ሰፈሩ በሙሉ ሆዳንን ላለማሳፈር ሲል ትራማዶል ሲያመላልስ ከርሟል።

ተቆጣኋት። እሷ ግን ሳቀችብኝ፣ ሻይ አስቀዳችልኝ፣ የሙሽራዋን አክስት ፊት አስመስላ አሳየችኝ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ለዶክተር አብዲ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ሥራ በዛብኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆዳን እናቷን ብትቀሰቅሳት አልነቃ አለች። አንዲት ጎረቤት ለእንቅልፍ ብላ የሰጠቻትን ሌላ ክኒን ከእንክብሉ ጋር ደርባ ውጣ ነበር። ሆስፒታል በባጃጅ አደረሷት። እኔ ስገባ ኦክስጅን ተደርጎላት ዶክተር አብዲ ደረቷን እያየ ቆሟል። አንዴ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። እንደገና ትተነፍሳለች። በሁለቱ መሀል ያለውን ዝምታ ቆሜ ስጠብቅ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ክርክር የሚወጣበት አፍ ገርጥቶ ተከፍቷል።

ከቀትር በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ እያለች አየችኝ፣ እንባዬን አየች።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ በተሰበረ ድምፅ። "ጉልበትሽን ነው?"

እውነተኛውን ነገር የነገረችኝ በማግሥቱ ነው። ሆዳን ልብስ ልታመጣ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"ሕመሙ ካለፈ ቆይቷል" አለችኝ። "ይጎትተኛል እንጂ እንደ መጀመሪያው አይቆርጠኝም።"

"ታዲያ ለምን ትወስጃለሽ?"

"ለከሰዓት በኋላ።"

ጅጅጋን የማያውቅ ይህ አይገባውም። እኩለ ቀን ላይ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ወንዶች ወደ ጫታቸው፣ ሙቀቱ ወደ ሰው ጭንቅላት ይገባል። ሱቅ እስኪከፈት ያሉት ሰዓቶች ረጅም ናቸው። እሷ እነዚያን ሰዓቶች ሠላሳ ዓመት ከባሏ ከሐጂ ዩሱፍ ጋር ስትጨቃጨቅ አሳልፋቸዋለች። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሻዩ ስኳር። ሐጂ ዩሱፍ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ዓመት ሞቱ።

"አልጋ ላይ ተኝቼ፣ እግሬ አይንቀሳቀስ፣ ቤቱ ዝም" አለችኝ። "ማንን ልስደብ? እንክብሏን ስውጥ ሰዓቱ ያጥርልኛል። ከዚያ ሳልውጣት ስቀር ገላዬ ይንቀጠቀጣል። ሕመሙ የተመለሰ ይመስለኛል። እውነት ይመለስ፣ ውሸት ይመለስ አላውቅም።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ስምንት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ፣ ሕመም አልፈራም። ያለ እሷ መዋል ነው የፈራሁት።"

ዶክተር አብዲ በአንድ ቀን እንዳይቆም፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየቀነሰ እንዲወርድ አዘዘ። የእንክብሉ ሣጥን ቁልፍ ሆዳን እጅ ገባ። ፓራሲታሞል ሕመሙ ሳይነሳ በሰዓቱ፣ በረዶ በቀን ሦስቴ፣ እግር ከፍ ተደርጎ፣ እንቅስቃሴ በየቀኑ። ኤዶ ኸድራ ሁሉንም ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"የወሰዳችሁብኝ ሰዓት አለ። በምትኩ ምን ትሰጡኛላችሁ?"

በምትኩ እኔ ተሰጠሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ታዛጋለች፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ያልባታል፣ እግሯ ብቻውን ይዘላል። በሶማሊኛ ትሰድበኛለች፤ ያልገባኝ ሲመስላት ራሷ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ነጠላ ጫማዋ ሁለት ጊዜ ስቶኛል፣ አንድ ጊዜ አግኝቶኛል። አንድ ቀን እጄን ያዘችና፣ "አንድ እንክብል ብቻ፣ ያንን ሐምራዊ የሙሽራ ጨርቅ እሰጥሻለሁ" አለችኝ።

"አይሆንም።"

"ሙሉ ጥቅሉን።"

አልተቀበልኩም። ሐቁን ለመናገር ግን፣ ጥቅሉን አንዴ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ። እሷም ሳየው አየችኝና በዚያ ሁሉ ስቃይ መሀል ትን እስኪላት ሳቀች።

ለበረዶው ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጁስ ቤት አስረግተን እናመጣለን። ጠርሙሱን የምትጠቀልለው በሱቋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ያውም ከቀሚሷ ጋር የሚሄድ ቀለም መርጣ። "ጉልበቴ አዲስ ነው፣ እንደ አሮጌ አታልብሱት" ትላለች።

እኔ በየቀኑ መምጣት ሲያቅተኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሦስት ጎረቤቶቿን ጠራች። ሦስቱ ስድስት፣ ስድስቱ አሥር ሆኑ። ከሰዓት በኋላ በሩን ሳንኳኳ አሥር ትልልቅ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው እግር ያነሳሉ፣ እግር ያወርዳሉ፤ ኤዶ ኸድራ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእኔን መለኪያ ይዛ ትቆጣጠራለች። የማይታጠፍ ጉልበት ያላትን ሴት በአባቷ ስም ጠርታ ታሳፍራታለች። ከልምምዱ በኋላ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሻዩ ስኳር። የሱቅ መክፈቻ ሰዓት ሲደርስ "ከአሁኑ?" ይሉ ጀመር።

ሆዳን ባዶውን ሣጥን ያሳየችኝ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው። በዚያው ዕለት ኤዶ ኸድራ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ወደ ኋላ ሳበች፣ እኔም ለካሁ። ዘጠና ስምንት።

"ዘጠናው የጠየቅሽው ነው" አለችኝ፣ "ስምንቱ ምርቃት።"

ከሁለት ዓመት በኋላ ግራው ጉልበት ተራው ደረሰ። ብዙ ሰው ቢሆን እምቢ ይል ነበር። እሷ ግን፣ "ቀኙ ሳይማር ነው የተቀየረው፤ ግራው ተምሮ ይገባል" አለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ የታመመውን እግር አሠራችው። እኔም ፈቃድ ወስጄ ከእሷና ከሆዳን ጋር አዲስ አበባ ሄድኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋዋ ጋ መጣ። ሊያብራራላት ሲጀምር እጇን አነሳች።

"መጀመሪያ እኔ ልናገር። እኔ የትራማዶል ደንበኛ ነበርኩ። በሱ ምክንያት ልሞት ነበር። ካመመኝ ስጠኝ፣ ጀግና ነኝ አልልም። ግን በቁጥር ስጠኝ፣ የሚያበቃበትን ቀን ጻፍ፣ ቁልፉን ለልጄ ስጣት። እኔን አትመነኝ።"

ከተማሪዎቹ አንዷ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አቆመች። ምላሷ ማንንም የማይፈራው ኤዶ ኸድራ አንገቷ ስር አልቧት እንደነበረ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የነጋዴ ስም ነገር ነው፣ ያንን በሰው ፊት መናገር ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የእግሯን ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ እንደሚሰጣት፣ በዚያው ቀን እንደምትቆም፣ ጠንካራው መድኃኒት ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሚሆን ነገራት።

"መርፌው እግሬን ነው ወይስ ጭንቅላቴን የሚያደነዝዘው?"

"እግርሽን።"

"ጥሩ። ጭንቅላቴ ሥራ አለው።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። አመማት፣ ጥርሷን ነከሰች፣ አለቀሰችም። አራት ቀን እንክብሉን ወሰደች፣ በአምስተኛው ቀን ፓራሲታሞልና በረዶው ይበቃኛል አለች። የተረፈውን ይዛ በመደገፊያዋ እየተጓተተች መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ሄደች።

"የወጣ መድኃኒት ተመላሽ አንቀበልም" አላት ልጁ።

"ገንዘብ ጠየቅኩህ? እኔ ስንት የተቀደደ ጨርቅ ተመላሽ ተቀብያለሁ። ይሄ ቤቴ አይገባም።"

ወረፋው ከኋላዋ ረዘመ። እሷ ወንበር አስመጥታ መስኮቱ ስር ተቀመጠች። ልጁ በመጨረሻ አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም እንዲወገድ ፈርሞ ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። አባቴ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ ከተማው በሙሉ ጋሼ እያለ ተነስቶ የሚያሳልፈው ሰው። እሱም በተራው ጉልበቱን አስቀየረና አልጋ ላይ ቀረ። "ክኒኔን ስጡኝ፣ ተዉኝ" ብቻ ሆነ ነገሩ። የሌላውን ሰው ጉልበት ሁሉ ያነሳሁ ሴት የአባቴን ማንሳት አቃተኝ። ለኤዶ ኸድራ በስልክ ብሶቴን ነገርኳት።

"ስልኩን ስጪው" አለችኝ።

"ማን ልበል?" አለ አባቴ በዚያ የሰልፍ ሜዳ ድምፁ።

"ኸድራ ነኝ፣ የጅጅጋ። ስንት ዲግሪ ነህ?"

አባቴ ከተወለደ ጀምሮ የማያውቃት ሴት አንተ ብላው አታውቅም። ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ከዚያ ግን መለሰላት።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውላለች። "ተነስተሃል?" ትለዋለች፤ "አዎ" ይላል ተኝቶ። አንድ ቀን ስልኩን መሬት ላይ እንዲያስቀምጥና ከአልጋው እስከ በሩ እንዲራመድ፣ እርምጃውን እንድትሰማ አዘዘችው። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወለሉን በምርኩዙ ይደበድብ ጀመር፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከስልኩ ውስጥ ድምጿ ወጣ፦

"ይሄ ዱላ ነው! እግር እንዲህ አይረግጥም! አስተማሪ ሆነህ ትዋሻለህ?"

አባቴ እንደ ተማሪ ደነገጠ። ተነሳም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠንካራውን ክኒን ተወ፣ በሁለት ወር ውስጥ ገበያ ወጣ። ስልኩ ግን አልቆመም። ጉልበቱ ከዳነ በኋላም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደዋወላሉ፤ ስለ ፖለቲካ ይጣላሉ፣ ስልኩን አንዱ በአንዱ ላይ ይዘጋል፣ በማግሥቱ ሁለቱም እንዳልተጣላ ሰው ይጀምራሉ። ተገናኝተው አያውቁም።

ሆዳን የደወለችልኝ ዕለት ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ጨንቆኝ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው።

"አርባ ዓመት ሰው ሳዝዝ ኖርኩ" አለኝ በመጨረሻ። "እኔን ያዘዘችኝ እሷ ብቻ ናት። መልኳን እንኳ አላውቀውም።"